እማሆይና የጉና አሸንዳ

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ቤታችን ከአርብ ገበያ በታች፣ ቆላው አፋፍ ላይ ነበር። የአባቴ አክስት እማሆይ ወለተ ሐና ከምድጃው አጠገብ ካለው መደብ አይጠፉም። ተወላጅነታቸው ከላይ፣ ከጉና ተራራ ሥር ነው፤ ለትዳር ወደ ቆላ ወርደው፣ ባላቸው ሲሞት መንኩሰው፣ በኋላም ዓይናቸው ጠፍቶ እኛው ዘንድ ቀሩ። ማታ የወይራው ፍም ሲደበዝዝ፣ ኩራዙም ሲጨስ፣ ያኔ ተረታቸው ይጀመራል፤ የትም ቢጀመር መድረሻው ጉና ነው፣ ከጉናም አሸንዳ፣ የደጋዋ አበባ።

«ቅጠሏ እንደ ሣር ቀጭንና ረጅም፣ መሐሉ እጥፍ ያለ» ይሉ ነበር። «ከመሐሏ አንድ ዘንግ ይወጣል፤ አናቱ ፍም ነው። ስትፈነዳ ከሥር ትጀምርና ታችዋ ቢጫ ይሆናል፣ ላይዋ ግን እንደቀላ ይቆያል። አንዴ ዳስሼያት ብሞት ምን ነበረበት።»

ቃላቸው ሆዴ ገባ። በጥቅምት እንጨት ለቀማ ወርጄ፣ ገደሉ ጥግ አናቱ የቀላ ዘንግ አየሁ። ከነሥሩ ነቅዬ እየሮጥሁ መጣሁና ጭናቸው ላይ አኖርሁት።

«እማሆይ፣ አሸንዳ አመጣሁልዎ።»

አበባውን ሲዳስሱ ፊታቸው በራ። ጣታቸው ወደ ቅጠሉ ሲወርድ ግን ወፍራም ነው፣ ጠርዙም እሾህ። ጣታቸውን ላስ አደረጉ፤ መራራ ነው። ከዚያ ሳቁ።

«እሬት ነው ልጄ። የመቃብር አበባ አመጣሽልኝ፤ አልሞትሁም እኮ። ሁለተኛ አናት አይተሽ አትመኚ፣ ወደ ቅጠሉ ውረጂ።»

እናቴ ከጓዳ ሆና፣ «የደጇን እሬት የማታውቅ፣ ነገ ባል ስትመርጥ እናያታለን» አለች።

በዚያ ምሽት አዲስ ተረት ሰማሁ። ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፤ አንዷ ደጋ ቀረች፣ አንዷ ቆላ ወረደች። የወረደችው ውኃ ጥም ቢጠናባት ቅጠሏን አወፈረች፣ እንዳይበሏት እሾህ አበቀለች፣ መረረች። ተረቱ ሲያልቅ የእማሆይ ጣቶች እሬቱን አልለቀቁትም ነበር።

አባቴ መስከረም ሲጠባ በበቅሎ ጉና ሊያወጣቸው ቃል ገብቶ ነበር። እሳቸው ግን በፍልሰታ አረፉ። እናቴ ጓሮ ተክላው የነበረውን ያን እሬት አንስታ መቃብራቸው ላይ ተከለችው።

ፊደል በራሴ ለቅሜ ማንበብ ከጀመርሁ በኋላ፣ አንድ የዕፅዋት መጽሐፍ አሸንዳና እሬት የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን ነገረኝ። እኔ ከምድጃ ዳር ሰምቼው ነበር። ካደግሁ በኋላም ወደ ንፋስ መውጫ ስሄድ ጉና ሥር ከመኪና ወረድሁ፤ መስኩ በአሸንዳ ቀልቷል። ዓይኔን ጨፍኜ ከአናቷ ወደ ቅጠሏ ዳሰስሁ። ቀጭን ናት፣ እጥፍ ያለች፣ እሾህ የላትም።

ከነሥሯ ነቅዬ ወደ መቃብራቸው ላወርድላቸው ቃጣኝና ተውሁት። ቆላ የወረደች ምን እንደምትሆን አውቃለሁ።