አራጅ ያጣችው ገብስማ

በ1930 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ወጥቶ ገብሱ እሸት የሆነበት ሰሞን ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቤታችን ከአንኮበር ዝቅ ብሎ፣ ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው የነጋዴ መንገድ ዳር ነበረ። አባቴ ከመንደራችን ወንዶች ጋር ጣሊያንን ሊዋጋ ጫካ ከገባ ወራት አልፈዋል። እናቴ እርጉዝ ነበረች።

ዶሮዎቻችን የሚያድሩት ከእኛው ጋር፣ ከመደቡ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ነበር። ባንዶች አባቴን ሊፈልጉ መጥተው ሲያጡት፣ ላሚቱን ነድተው ዶሮዎቹንም አንድ ሳያስቀሩ አስረው ወሰዱ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥጥ መፍተል አበዛች። የፈተለችውን ለጋሽ ሰይድ ሰጥታ ሦስት ቄቦች ተቀበለች፤ አንዷ ገብስማ ነበረች። ጋሽ ሰይድ በርበሬና ጨው በአህያ ጭኖ በደጃችን የሚመላለስ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ነው። «ለአራስ ቤትሽ ያድርሳቸው፣ እቴ» አላት። «አሜን» አለችው።

እንደ ድሮው ከቤት ቢያድሩ የገባ ሁሉ ያያቸዋል። ስለዚህ ከጓሮ፣ ከድንጋዩ ካብ ጥግ፣ ከመንገድ የማይታይ ቦታ መርጠን ቤት ልንሠራላቸው ተነሣን። እኔ ልምጭ እየቆረጥኩ አመጣሁ፤ እናቴ ሆዷን አቅፋ ቁጭ ብላ እንደ ቅርጫት አጥብቃ ጎነጎነችው። ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግሬ ያቦካሁት እኔ ነኝ። ቅዝቃዜው እስከ ጉልበቴ ይወጣ ነበር። የረጠበ ጭድ ሽታ ዛሬም ባለፍኩበት ያቆመኛል። ሸለምጥማጥ እንዳይደርስባቸው ከመሬት ከፍ አድርገን በአራት ድንጋይ ላይ አስቀመጥነው። በሩ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር፤ ሲመሽ እሱን መግጠም የኔ ሥራ ሆነ።

አንድ ቀን ረሳሁት። ጧት ስወጣ የሁለቱን ላባ ብቻ አገኘሁ። ገብስማዋ ካቡ ላይ ወጥታ ተርፋለች። ቁጣ ጠበቅሁ፤ እናቴ ግን «አንዷን ያተረፈ ይመስገን» አለች። ከዚያ ወዲያ ገብስማዋን እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅኋት። የገብስ ግርድ ከመዳፌ ትለቅም ነበር። ስቀመጥ ጭኔ ላይ ትወጣለች፤ ጣቴን ከክንፏ ሥር ሳስገባ ይሞቀኛል።

በጥር እናቴ ወንድሜን ወለደች። ምጡ ሁለት ቀን ፈጀ፣ ብዙ ደም ፈሰሳት፣ ወተቷም ነጠፈ። ልጁ ባዶ ጡት እየሳበ ያለቅስ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ማልቀሱንም ተወ። «ክርስትና ሳይነሣ እንዳይቀርብኝ» አለች። እናቴ ፍርሃቷን ስትናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ያዋለደቻት ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ የዶሮ መረቅ ካልጠጣች ወተቱ አይመለስም አለች። ዶሮዋ አለች። የሚያርዳት ወንድ ግን በመንደሩ አልነበረም።

በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ዶሮ አታርድም። «እኔ ልረዳት» ብል እትዬ ዘነቡ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። «ሴት ያረደችውን እናትሽ በአፏ ልታዞረው? ይልቅ እሳቱን አንድጂ!» ቀኑ ማክሰኞ ነው። እናቴ አራስም ብትሆን የረቡዕን ጾም እንደማትሽር እናውቃለን። ገብስማዋ ዛሬ ካልታረደች እስከ ሐሙስ መጠበቅ ነው፤ ወንድሜ ሐሙስን እንደማያይ ደግሞ ለእኔም ይገባኝ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ሰይድ ከነአህዮቹ ደረሰ። ነገሩን ሰምቶ አናቱን አከከ። «እኔ ባርዳት እናትሽ አትቀምሳትም፤ እኔም በሷ ቦታ ብሆን አልቀምስም» አለኝ። ወደ ዳገቱ ቀና ብሎ «አባባ ተክሌስ?» አለ።

«ዓይነ ስውሩን?» አለች እትዬ ዘነቡ።

«የጠፋው ዓይናቸው ነው፤ እጃቸው ምን ሆነ?»

አባባ ተክሌ ከዳገቱ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ስለማያይ ጫካ አልገቡም፤ ዳገቱንም መውረድ ከተዉ ቆይተዋል። ጋሽ ሰይድ የአንዱን አህያ ጭነት ደጃችን አራግፎ፣ መንገዱን ትቶ ወደ ላይ ወጣ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ ሽማግሌውን በአህያው አስቀምጦ፣ በአንድ እጁ ወገባቸውን ደግፎ ሲመለስ አየሁት።

ገብስማዋን ጠራኋት፤ መጣች። የጠራኋት እኔ ነኝ። ክንፏንና አንገቷን ይዤ ተንበረከክሁ። ጋሽ ሰይድ እጁ እንዳይነካት ራቅ ብሎ ቆሞ «ወደ ግራ፣ አባባ! ትንሽ ወደ ግራ!» ይላል።

«አንተ አፍህን ያዝ!» አሉት። «ኋላ ማን እንዳረዳት ይምታታብናል።»

እትዬ ዘነቡ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ጋሽ ሰይድም እየሳቀ ፊቱን ወደ አህያው አዞረ። አባባ ተክሌ በአውራ ጣታቸው አንገቷን ሲዳብሱ የኔን ጣት አገኙ። «ይቺ ጣት ያንቺ ናት፤ አሽሺያት» አሉኝ በቀስታ። በስመ አብ ብለው ባረኩ። ዓይኔን ጨፈንሁ።

እናቴ መረቁን በትኩሱ ጠጣች። ጋሽ ሰይድ ከቤታችን ውኃ ብቻ ቀምሶ፣ ጭነቱን መልሶ፣ ሳይጨልምበት ወደ ቆላው ወረደ። አባባ ተክሌ እኛው ዘንድ አደሩ።

ዛሬ እኔም የልጆች እናት ነኝ። ደብረ ብርሃን ካለው ቤቴ ጓሮ ዶሮ አረባለሁ፤ ቤታቸው ክዳኑ ቆርቆሮ፣ በሩም የሚቆለፍ ነው። በዓል ሲደርስ አራጅ የሚሆን ወንድ ልጅ ከቤቴ አይጠፋም። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ጥጋብ ነው። ቢሆንም ለአንዲት ዶሮና ለአንድ ጨቅላ ሲባል ሰው ሥራውን አቁሞ ዳገት የወጣበት ያ ቀን ይናፍቀኛል። ያን ዘመን አይመልሰው፤ እነዚያን ሰዎች ግን አንድ ጊዜ ባያቸው እወድ ነበር።

ገብስማዋ በታረደች ማግስት ሲነጋ የወንድሜ ለቅሶ ቀሰቀሰኝ። ወዲያው ዝም አለ፤ ሲውጥ ጉሮሮው ይሰማ ነበር። እናቴ «ተመስገን» አለች። እኔ የአባባ ተክሌን ዱላ ጫፍ ይዤ ዳገቱን እየመራኋቸው ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሻቸውን ሊሰበስቡ ቆሙና «ልጄ፣ ያቺ ዶሮ መልኳ ምን ነበር?» አሉኝ።

«ገብስማ» አልኳቸው።

«ገብስማ ሁሉ አንድ ነው እንዴ? እስቲ በደንብ ንገሪኝ።»

ከአንገቷ ላባ ጀመርሁ፤ ከደጃቸው እስክንደርስ አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው።