ጥቁሯ ዶሮ ላባ የለወጠችበት ክረምት

እናቴ ፊት "ዶሮዋ" ብሎ ዝም ማለት አይቻልም። "የትኛዋ? ስም የላትም?" ብላ ታፋጥጣለች። ስም የምትለው የላባዋን ቀለም ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ደብረ ታቦር ገበያ ዶሮ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናትና ይህን የማያውቅ ሰው ለእሷ ግማሽ ሰው ነው። ቀይና ነጭ የተደባለቀባት ወሰራ ናት። ቡኒ ሆና፣ ሣር ውስጥ ብትቀመጥ የማትታይ፣ ቆቅ የምትመስለዋ ደግሞ ቆቅማ። ጥቁር ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨባት፣ ጅግራ የምትመስለዋ ዝግርማ ናት። ጥቁሩና ነጩ ተሰባጥሮ ከሩቅ አመድ የሚመስለው ገብስማ ይባላል። ልጅ ሳለሁ ዝግርማና ገብስማ ይምታቱብኝ ነበር። "አይ አንቺ! ዝግርማ እኮ ነጠብጣቡ ይቆጠራል፤ ገብስማ ግን ጉም ነው። ጉም ማን ይቆጥራል?" አለችኝ አንድ ቀን። ከዚያ ወዲህ ተሳስቼ አላውቅም።

ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ደጃፋችን ድረስ ይመጣል። ያን ጊዜ እናቴ የዶሮውን ቤት ከመክፈቷ በፊት በርጩማ ላይ ታስቀምጠኝና "ጨፍኚ!" ትለኛለች። ዶሮዎቹ ከቆጡ እየዘለሉ አንድ በአንድ ሲወጡ፣ ሳላይ በድምፃቸውና በአረማመዳቸው ለይቼ መጥራት አለብኝ። ቀዩ አውራ ሲወርድ መሬቱን ይደበድበዋል። ወሰራዋ ከመውጣቷ በፊት ታጉረመርማለች። ጥቁሯ ድምፅ የላትም፤ ክንፏ ብቻ ሽው ይላል። እናቴ በዚህ መንገድ ነው ጨለማ ላይ ተነስታ ለገበያ የምትወስዳቸውን ስትለይ የኖረችው። እኔ ግን እንቅልፌን ሳልጨርስ ስለምቀመጥ ግማሹን የማየው በህልሜ ነበር። ቀለማቱ በተከደነው ዓይኔ ውስጥ ቀስ እያሉ ያልፋሉ፣ ይመጣሉ፣ ደግሞ ያልፋሉ። ዛሬም ጉም ባየሁ ቁጥር ከውስጡ አንዲት ወሰራ ብቅ የምትል ይመስለኛል።

አሁን ሐሙሲት አስተማሪ ነኝ። አላገባሁም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሞልቶኛልና እዚህ አልጨምርበትም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ እናቴ ዘንድ እመጣለሁ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንቅልፍ አበዛች። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ታንቀላፋለች፤ ማታም ከዶሮዎቿ እኩል ትተኛለች። እርጅና ነው አልኩ። ገበያ መውጣቱንም ተወችው፤ ገዢው ቤቷ ድረስ ይመጣላታል። ዶሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ደረቷን ትዳብሳለች፣ ክንፏን ትገልጣለች፣ "ይቺ ወሰራ ዕንቁላል ለመጣል ገና ናት" ትላለች። ትክክል ነው። ማን ይጠረጥራል? እኔ ልጇ እንኳ አልጠረጠርኩም።

መስከረም ላይ ነው፣ አንዲት ጎረቤታችን ለልጅ ልጇ ክርስትና ዶሮ ልትገዛ መጣች።

"እትዬ፣ ጥቁር ብቻ እንዳይሰጡኝ" አለች። "ለክርስትና ጥቁር አይታረድም ይሉኛል።"

"ማን ነው እንዲህ የሚለው? ጥቁር ዶሮ ወጡን ያጠቁረዋል እንዴ?" አለች እናቴ። "ለማንኛውም ያቺ በሩ ጋ የምትጭረው ቆቅማ ትሁንሽ። ጥቁሯማ የኔ ናት፣ ብትለምኚኝም አልሰጥሽም። ይቻትና እግሬ ሥር! እንዴት እንደምታበራ አታዪም? ከራስ እስከ ጭራ አንዲት ነጭ የላትም።"

እግሯ ሥር የቆመችው ዶሮ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ነጭ በነጭ ተነጣጥባለች። ክረምቱን ሙሉ ላባዋ ሲረግፍ፣ አንገቷ ተራቁቶ ሳያት ከርሜአለሁ። አዲሱ ላባ ሲበቅል ነጠብጣብ ይዞ መጣ። ጥቁር ዶሮ ላባ ስትለውጥ አንዳንዴ ነጭ እንደምታወጣ ያስተማረችኝ ራሷ እናቴ ናት።

ጎረቤታችን አየችኝ፣ እኔም አየኋት። "እትዬ ደግሞ ሲቀልዱ!" ብላ ሳቀች፤ ቆቅማዋን ታቅፋ ሄደች።

ባለ ነጠብጣቧን ዶሮ አንስቼ እናቴ ጭን ላይ አስቀመጥኳት። "እማዬ፣ ይቺ ማናት?"

እግሯን ዳበሰች። "ጥቁሯ ናታ! ጣቷ ቆልማማ አይደለም?"

"ጣቷን አልጠየቅኩሽም፤ ቀለሟን ነው የጠየቅኩሽ።"

እጇ ላባው ላይ ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ታች ተመለሰ። ነጠብጣብ በእጅ አይዳሰስም። ፀሐዩ ፊቷ ላይ ነበር፤ ዓይኖቿን ያኔ ነው ደህና አድርጌ ያየኋቸው። መሀላቸው ነጣ ብሏል።

"ነጭ አወጣች?" አለች ቀስ ብላ።

ጮኽኩባት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ግን ጮኽኩባት። "ከመቼ ወዲህ ነው?" ስላት "ሁለት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም" አለች፤ ይሄኔ ባሰብኝ። "ጎረቤቱን አታለልሽ ይሁን፣ እኔን ልጅሽን?"

"ዋናውማ አንቺን ነው" አለች። "ሥራሽን ጥለሽ ልትመጪ! ደግሞስ ዶሮ የማትለይ ዶሮ ሻጭ ማን ይጠጋታል? እናቴም ዓይኗን አስነክታ ነው ጭራሽ የጨለመባት። አላስነካም።"

ዶሮዋ ጭኗ ላይ ዓይኗን ከደን ከፈት ታደርጋለች።

"ለምን እንቅልፍ እንደማበዛ ታውቂያለሽ?" አለች በመጨረሻ። "በህልሜ አያለሁ። ግቢው ሙሉ ዶሮ ነው፤ ቀዩ ቀይ፣ ወሰራዋ ወሰራ፣ ቀለማቸው አንድ አልጎደለም። ጉሙ የሚመጣው ስነቃ ነው።" በራሷ ሳቀች። "ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ዶሮዋን!"

እሷ ስትስቅ እኔ አለቀስኩ። እልህ ያዘኝና "ይቺ ዝግርማ ግን ህልምሽ ውስጥ የለችም" አልኳት። "አንድ ቀን አይተሻት አታውቂማ። ስትሞቺም ሳታያት ነው የምትሞቺው።"

ክፉ አፍ አለኝ፣ አውቃለሁ። እናቴ ግን አልተቆጣችም። ያን ቀን እስኪመሽ ዶሮዋን ስትዳብስ ዋለች፤ በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ "በይ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ፣ እሷን እንኳ ልያት" አለች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት። የቀኝ ዓይኗ ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አለን። የግራው ግን ሌላ ሕመም ነበረበት። "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ..." ብሎ አልጨረሰውም። እኔ ነኝ ለራሴ ስጨርሰው የኖርኩት። በየሁለት ሳምንቱ አጠገቧ እየተቀመጥኩ፣ በእጇ ጎርሼ እየሄድኩ!

ሞራው በተገፈፈ ማግስት ፋሻው ሲነሳ፣ የግድግዳውን ቀለም፣ የሐኪሙን ጋዋን እየዞረች አየች። እኔን ስታይ "ከስተሻል" አለችኝ። ብርድ ስለነበር ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ተከናንቤ ነበር።

ቤት ስንደርስ ወደ ውስጥ አልገባም አለች። በርጩማዋን አወጣሁላት፣ ጥሬ በተንኩ። ዶሮዎቹ ሲሰበሰቡ በገበያ ድምፅዋ፣ መንገደኛ እስኪዞር ድረስ መጥራት ጀመረች። "ቀይ! ወሰራ! ያቺ ደግሞ ሁለተኛዋ ቆቅማ!" ዝግርማዋ ስትመጣ አፏን በእጇ ያዘች። "እሰይ! እንዲህ አምሮብሽ ነው የደበቅሽኝ?" አለቻት። በቅርብ እንድታያት ብዬ ጎንበስ ብዬ ያዝኳት፤ ዶሮዋ ተወራጨችና ነጠላዬን ከራሴ ላይ ጣለችው።

እናቴ ዓይኗን ከዶሮዋ ላይ አንስታ ራሴን አየች።

"ነይ እስኪ" አለች። ተንበረከክሁላት። የዶሮ ላባ እንደምትገልጠው ፀጉሬን በጣቶቿ ከፈለችው፤ በአንድ ዓይኗ ተጠግታ አየችው።

"ገብስማ" አለች። የገበያ ድምፅዋ አልነበረም። "መቼ ነው ይሄ?"

"ቆየ እኮ እማዬ።"

"እኔ አጠገብሽ ሆኜ?"

"አጠገቤ ሆነሽ።"

እጇን ከፀጉሬ አላነሳችም። ዶሮዎቹ ጥሬያቸውን ይለቅማሉ።

"በህልሜ እኮ ጥቁር ነበር" አለች።