የአማከለች የቁም ተዝካር

አማከለች መሞቷን የሰማችው በሞላሌ የገበያ ቀን፣ ከበግ ፀጉር የፈተለችውን የባና፣ የወፍራሙን የብርድ ልብስ፣ ክር ለሸማኔ ልታስረክብ በወጣችበት ረፋድ ላይ ነው። ባለሱቋ ጓደኛዋ ገበያነሽ ስልኳን ባንኮኒው ላይ አጋድማ፣ «ነይማ እዪው፤ ይሄ ያንቺ ቄስ አይደለም እንዴ?» አለቻት።

ነው። ባሏ ቄስ ባስልዮስ ነው። ለሦስት ወር አገልግሎት ብሎ ስዊድን ከገባ ሦስት ዓመት አልፎታል። ከኋላው ባለው መስኮት በረዶ ሲወርድ ይታያል፤ እሱ ጥቁር ካባ ደርቦ ጸሎተ ፍትሐት ያደርሳል። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ አለ፣ ጧፍ አለ። ከጧፎቹ መሐል ጥቁር ሪባን የታሰረበት ፎቶ ቆሟል። የራሷ ፎቶ፤ በተክሊል የተጋቡ ዕለት አክሊል ደፍታ የተነሳችው። ባስልዮስ ራሱን ከጎኗ ቆርጦ አውጥቷል። ትከሻዋ ላይ አሳርፎት የነበረውን እጅ ግን እሷን ሳይቆርጥ ማውጣት አልሆነለትም። አራት ጣቶቹ እዚያው ቀርተዋል።

«ስለ እኅታችን ስለ ወለተ ኢየሱስ ዕረፍት…» ይላል ያ ድምፅ። ወለተ ኢየሱስ የክርስትና ስሟ ነው። ነጠላዋን አደግድጋ ዳቦውን የምትቆርስ አንዲት ለጋ ሴት እንባዋን በክንዷ ትጠርጋለች።

ገበያነሽ ደንግጣ ስልኩን ልታነሳ ስትል አማከለች እጇን ያዘቻት።

«ተይኝ ልየው። የራሴን ተዝካር ዳግመኛ ከየት አገኘዋለሁ?»

እስከ መጨረሻው አየችው። ዳቦው ታድሎ ሲያልቅ፣ ጧፉ ሲጠፋ፣ ሰዎቹ ባስልዮስን እያቀፉ «እግዜር ያጥናህ» ሲሉት፣ ሁሉንም አየች። ከዚያ ክሯን አንስታ ወደ ሸማኔው ሄደች። ሸማኔው በኋላ እንደሚያወራው፣ ያን ቀን ያመጣችው ክር ከወትሮው ሁሉ የከረረ ነበር።

በመንዝ የቁም ተዝካሩን የሚደግስ ሽማግሌ አይጠፋም። ዘመድ የሌለው ሰው፣ ከሞትኩ ወዲያ ማን ያስታውሰኛል ብሎ፣ በዓይኑ እያየ አገር ያበላል። በሊታውም ሰውየው ፊቱ መቀመጡን እያየ ይመርቀዋል። አማከለችን ግን የጠየቃት አልነበረም። የመረቃትም የለም። ነፍስ ይማር ነው ያሏት፤ ነፍሷ ሞላሌ ላይ እየተነፈሰች።

ባስልዮስን ያገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እሱ ገና ዲያቆን ሳለ ነው። ቅስና የተቀበለው ከእሷ ጋር ስለቆረበ ነው። እሱ በቅኔ ቤት አምስት ክረምት ሲቀመጥ፣ ጓሳ ተራራ ላይ ውርጭ ሣሩን እንደ መስተዋት ሲሰባብረው፣ እሷ ስንቁን በጀርባዋ አዝላ እየተሻገረች ታደርስለት ነበር። እሱ ቅኔ ሲቆጥር እሷ ደጅ ተቀምጣ ትፈትላለች። ምሥጢሩን ባትረዳውም ዜማው በጆሮዋ እየገባ በእንዝርቷ ላይ ይጠመጠማል። ያኔ በእጇ ከፈተለችው የበግ ፀጉር የተሠራውን ባና ለብሶ ነው በበረዶው አገር ከአውሮፕላን የወረደው። የሚቆጫት ይሄ ነበር። በሙቀቷ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው የገደላት።

በዚያው ሳምንት በገበያነሽ ስልክ ከቪዲዮው ሥር «እኔ አማከለች ነኝ፤ የባስልዮስ ሚስት ነኝ፤ አልሞትኩም» ብለው ጻፉ። መልሱ በማግስቱ መጣ። «እኅታችን ወለተ ኢየሱስ ነበረች፤ አማከለች የምትባል አናውቅም። የሰው ሐዘን ላይ ማላገጥ ነውር ነው።» ከዚያ ጽሑፉም ጠፋ፣ ገበያነሽም ወደ ደብሩ ገጽ እንዳትገባ ተደረገ።

«ስምሽን ነው የሸሸገው» አለች ገበያነሽ። «እዚያ በክርስትና ስምሽ ብቻ ነው የሚያውቁሽ። መታወቂያሽ ላይ ደግሞ አማከለች ነው ያለው። ሁለቱን ስም ማን ያገናኛል?»

አማከለች የበግ ፀጉሯን መባዘት ቀጠለች። ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል። ሐዘን ሲገባት ማልቀስ አታውቅም፤ ቤት ይመታላታል።

*አስለቀስክብኝ አሉ የማዶውን አገር፣*
*እኔ ክር እፈትላለሁ ከኮሶ ዛፍ ሥር።*
*ቀብሬያት መጣሁ ብለህ ብትነግር ለሰው፣*
*አፈሩን አራግፌ እየመጣሁ ነው።*

ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት የገባችው ከጾሙ በኋላ ነው። ዳኛው አቤቱታዋን እንድታሰማ ሲጠይቋት ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«ባሌ ሞታለች ብሎ ተዝካሬን አብልቷል። የሞተች ሴት ባል የላትም። እንዲያው በሕጉ ያፋቱኝ።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው ግን አልሳቁም። ቪዲዮውን አዩ፤ ባስልዮስ በጋዜጣ ተጠርቶ አልቀረበም፤ ምስክር ተሰማ። ምስክሩ የንስሐ አባቷ መምሬ ወዳጆ ነበሩ። የቁርባን ጋብቻ በዳኛ ሲፈርስ ማየት ከብዷቸው ሦስት ቀን እንቢ ብለዋት ነበር።

«ለፈጣሪ ስጪው፣ ልጄ» ብለዋት ነበር።

«ሰጥቼው ነበር፣ አባ። ግን እሱ የፈጣሪን ቤት ነው መደበቂያ ያደረገው። እርስዎ ካልመሰከሩልኝ በየእሑዱ ነፍስ ይማር እየተባለልኝ ልኖር ነው?»

መሰከሩ። መስቀላቸውን ጨብጠው፣ «ይህችን አማከለችን በሰማንያ ቀኗ ያጠመቅኋት እኔ ነኝ። የክርስትና ስሟ ወለተ ኢየሱስ ነው። ይኸው ቆማለች» አሉ። ጸሐፊዋም ቃላቸውን እንዳለ ጻፈችው። ውሳኔው ስድስት ገጽ ሆነ። አራተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ሰፈረ፦ «አመልካች ወ/ሮ አማከለች፣ የክርስትና ስማቸው ወለተ ኢየሱስ፣ በውጭ አገር ሞተዋል ተብሎ በባለቤታቸው ተዝካር የተደገሰላቸው ቢሆንም፣ በሕይወት መኖራቸውን ይህ ችሎት በአካል ቀርበው አይቶ አረጋግጧል።»

አማከለች ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ከገንዘብ መቋጠሪያዋ ሥር አኖረችው። ለማን እንደምትልከው፣ ቢላክስ ማን እንደሚያምናት አታውቅም ነበር። ባለማኅተም ቢሆንም ማኅተሙን እዚያ አገር ማን ያውቀዋል? ብቻ ጠበቀች። መጠበቅ ደግሞ ትችላለች፤ አምስት ክረምት በቅኔ ቤት ደጅ ተቀምጣለች።

ከውሳኔው በኋላ በሁለተኛው ዓመት ወንድምአገኝ መጣ። የባስልዮስ ታናሽ ወንድም ነው፤ በልጅነቱ እሷ ቤት ነው ያደገው። በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

«እትዬ፣ ደኅና ነሽ?»

«ምን ደኅና እሆናለሁ፣ ሞቻለሁ እኮ። ግባ፣ ሙት አትፍራ።»

«እባክሽ እትዬ…»

«ቁጭ በል። ምን ብሎ ላከህ?»

ወንድምአገኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወረቀት ይፈልጋል። እዚያ ሊያገባ ነው፤ በማዘጋጃ ቤት፣ ቅስናው እንዳይነሣበት በስውር። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ በቃል አያምንም። ከመጀመሪያ ሚስትህ መለያየትህን በማኅተም አምጣ አሉት።»

አማከለች እንዝርቷን አቆመች። «ሞታለች አላላቸውም?»

«ለእነሱማ የሞት ወረቀት ከየት ያመጣል?»

«አዬ ጉድ! ለቤተ ክርስቲያኑ ሙት፣ ለመንግሥቱ ፈት! ስንት ቦታ ነው ያስቀመጠኝ?» ሳቀች፤ ወንድምአገኝም ሳይወድ ሳቀ። «ሙሽሪትስ ማናት?»

«የዚያው ደብር ልጅ ናት። በተዝካሩ ላይ…» አለና ምላሱን ነከሰ።

«ዳቦ የቆረሰችው?»

ወንድምአገኝ መሬት አየ። እንዝርቱ እንደገና መሽከርከር ጀመረ።

«እሷም መሞቴን ነው የምታምነው?»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያምነው። እትዬ፣ አንድ ገጽ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ያቺን የፍቺ ምስክር ወረቀት። ስምና ቀን ብቻ ያለባት። ሌላው አያስፈልግም ብሏል። አንድ ገጽ አስተርጉመሽ፣ ውልና ማስረጃ አስመትተሽ፣ ውጭ ጉዳይ አስመትተሽ፣ በዚህ አድራሻ ትልኪለታለሽ። እሱ ውክልና እልካለሁ ቢል ኤምባሲው ውስጥ የደብሩ ሰው ይሠራል፤ ይሰማበታል።»

ተጣጥፎ የቆየ ቁራጭ ወረቀት አቀበላት። አማከለች አድራሻውን ጮክ ብላ አነበበችው። የሚኖረው በደብሩ ቤት ነው፤ ሌላ አድራሻ የለውም። ከስሙ ሥር የቤተ ክርስቲያኑ ስም ተጽፏል።

«እሺ» አለች።

«እሺ? እንዲሁ?»

«ፈታሁት አይደል? ፍቺውን ደግሞ ለምን እነፍገዋለሁ? ንገረው፣ ወረቀቱን እኔው ራሴ፣ በእግሬ ሄጄ፣ ማኅተም ሳይጎድለው አደርስለታለሁ።»

ወንድምአገኝ ሲወጣ እጇን ሳመ። በልጅነቱ ያበላችው እጅ ነው። አዘነችለት፤ ግን ሐሳቧን አልቀየረችም።

ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ በተከፈተ ሳምንት በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈረች። ላስቲኩን ደረቷ ውስጥ አስገብታ፣ ጣርማ በር ላይ ጉሙ መስኮቱን ሲያለብሰው፣ ለራሷ እያንጎራጎረች ደብረ ብርሃንን አለፈች። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት «ለሠርግ ነው?» አለቻት። «አዎ» አለች አማከለች። «የባሌ ሠርግ ነው። ስጦታ ይዤለት ነው።» ሴትዮዋ ከዚያ ወዲያ አላናገረቻትም።

አዲስ አበባ ላይ ትርጉም ቤቱ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ተርጓሚዋ ፀደንያ የምትባል መነጽር ያደረገች ልጅ ናት። ስድስቱን ገጽ ገለጥለጥ አድርጋ፣ «እናቴ፣ ለጋብቻ ከሆነ የመጨረሻው ትእዛዝ ብቻ ይበቃል። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለች።

«ሰው ሁሉ አልሞተማ። ስድስቱንም ተርጉሚልኝ። በተለይ አራተኛዋን እንዳትተዪያት።»

ፀደንያ መተየብ ጀመረች። አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ቀና አለች።

«ይሄ… እርስዎ ነዎት?»

«ዳስሺኝ፤ ሥጋና አጥንት ነኝ።»

ልጅቷ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ከዚያ መነጽሯን አስተካክላ በዝግታ፣ እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ እያየች ተረጎመችው። «ቀለሙን ማድመቅ አይፈቀድልኝም፣ እናቴ። ግን አንቀጹ ከገጹ አናት ላይ እንዲጀምር አደርገዋለሁ» አለች። አማከለች ግንባሯን ሳመቻት።

ከዚያ የመስኮቶች ቀን መጣ። በየመስኮቱ መታወቂያዋን ያያሉ፤ ፊቷን ያያሉ፤ መልሰው መታወቂያውን ያያሉ። «እርስዎ ነዎት ባለጉዳይዋ?» ይሏታል። «እኔ ነኝ» ትላለች፤ ከወገቧ ቀጥ ብላ። ሌላው ሰልፈኛ ይሰለቻል፤ እሷ ግን ሰልፉ እንዲያልቅ አልፈለገችም። አንዱ ማኅተም ዱብ ሲል አንድ ጊዜ ከመቃብር ትወጣለች፤ ሌላው ዱብ ሲል ሌላ ጊዜ። ውልና ማስረጃ ዱብ። ውጭ ጉዳይ ዱብ። የመጨረሻው ባለሙያ ስድስቱን ገጽ በአንድ ክር ሰፍቶ፣ ክሩ ላይ ማኅተም አድርጎ፣ «እንግዲህ አንዱን ገጽ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም፤ ከተነጠለ ዋጋ የለውም» አላት። አማከለች የተሰፋበትን ክር በጣቷ ዳሰሰችው። በሕይወቷ ብዙ ክር አይታለች። እንደዚህ የጣማት ግን አልነበረም።

ፖስታ ቤት ደርሳ የአድራሻውን ቁራጭ ወረቀት ለሠራተኛዋ ሰጠች። «ለቄስ ባስልዮስ ልበል?»

«አይ፣ ስሙን ተዪው። ለሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት በይ። እንዲያደርሱለት።»

ከውስጥ በራሷ እጅ የጻፈቻት አንዲት ብጣሽ ነበረች። «ላለቀሳችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገጽ አራትን አንብቡና ፎቶዬን መልሱልኝ። ወለተ ኢየሱስ፤ ከሞላሌ።»

አንድ ወር ሳይሞላ የመምሬ ወዳጆ ስልክ ጮኸ። የስዊድኑ ደብር ጸሐፊ ነበር። መምሬ የሰሙትን ሊነግሯት ራሳቸው ወደ ቤቷ መጡ፤ አረፍ ብለው፣ ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነበበ አለኝ። እሱ እፊታቸው ቆሞ ነበር። አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ አንዲት አሮጊት እልል አለች፤ ሞተች ያልናት ተነሣች ብላ። ልጅቷ… ያቺ ሙሽራ… ቀለበቱን ጧፉ የሚተከልበት ላይ አስቀምጣ ወጣች። እሱን ከአገልግሎት አቁመውታል። ከደብሩም ቤት ውጣ ተብሏል።»

«ወዴት ሄደ?»

«አላውቅም። በረዶ ነው አሉ።»

አማከለች መፍተሏን ቀጠለች። መምሬ ፊቷን ሲፈልጉ ቆዩ።

«ልጄ፣ ይቅር ብለሽዋል?»

«አላልኩም፣ አባ።» እንዝርቱ ይሽከረከራል። «ባናዬን ለብሶ ነው የሄደው፤ አይበርደውም።»

እሳቸው አማትበው ሲወጡ ከኋላቸው ድምፅዋ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ለክሩ፣ ለኮሶው ዛፍ፣ ከጓሳ በኩል ለሚመጣው ንፋስ።

*ተዝካሬን ደግሰህ ቆመህ አስበልተሃል፣*
*የራስህን ብትደግስ ማን ይበላልሃል?*

ፎቶው የደረሰው በጥቅምት ነው፤ በጠንካራ ካርቶን ተጠቅልሎ፣ ጥቁር ሪባኑ ተፈትቶ። ገበያነሽ ሱቅ ውስጥ ከፈቱት። አክሊል የደፋች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚያ ውስጥ ታያቸዋለች፤ ዓይኗ ውስጥ ገና የካሜራው ብርሃን አለ። ትከሻዋ ላይ አራቱ ጣቶች እንደተጣበቁ ናቸው።

አማከለች ከመቀነቷ የበግ መሸለቻ መቀሷን መዘዘች። ገበያነሽ፣ «ፎቶውን ታበላሺዋለሽ፣ ትከሻሽ አብሮ ይሄዳል» አለቻት።

«ይሂድ።»

ቆረጠችው። ከትከሻዋ ላይ አንድ ጉርሻ የሚያክል አብሮ ሄደ። ቁራጩን ከደጅ በሚጨሰው የበቆሎ ጥብስ ከሰል ላይ ጣለችው፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ ተጠቀለሉ። ጎዶሎ ትከሻ ያላትን ሙሽራ በነጠላዋ ሸፍና፣ ሸማኔው ሳይዘጋ ልትደርስ ክሯን አንስታ ሄደች።