አቶ በላይነህን የገደለው ድረ ገጽ

በሚዛን ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል፤ ባጃጅ ቢያንስ ለተሳፋሪ ይቆማል። ህሊና በላይነህ ይህን እያወቀች ነው ያደገችው። እናቷ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ድስት ሳይጥዱ ጎረቤታቸው እትዬ ለተብርሃን የወጡን ዓይነት ለሰፈሩ አዳርሰው ይጨርሳሉ። ኮሌጅ ገብታ ለድረ ገጽ መጻፍና ገጽ ማሳመር ልማር ስትል አባቷ፣ ለተብርሃን በነጻ የምትሠራውን ነው እንዴ የምትማሪው ብለው ቀለዱባት። ቀለዱ እንጂ አልከለከሉም።

አቶ በላይነህ የማርና የኮረሪማ ነጋዴ ናቸው። መምህር ሬድዋን ስለ አንድ የከተማው ነጋዴ ገጽ ሥሩ ብሎ ሲያዝ ህሊና ከአባቷ ሌላ አላሰበችም። እሳቸውም ማር ሊያመጡ ወደ ማጂ ሲነሱ፣ አንድ እግራቸውን አይሱዙው ላይ እንዳሳረፉ፣ «መጀመሪያ ማር እንዳለ ጻፊ፤ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው» አሏት።

እሷ ግን የተማረች ናት። መምህሩ ቃል ሲበዛ ገጽ ይታፈናል፣ ቀለም ሲበዛ ዓይን ይሸሻል እያለ ሲያስተምር አንዲት አላመለጣትም። ስለዚህ ማሩን ቆርጣ ጣለችው። የሱቁን አድራሻ ማንም ወደማይወርድበት ታች ሰደደችው። አስባው የነበረውን የማር ቢጫ ቀለም በጥቁር ለወጠችው። ሳሎን የተሰቀለውን የአባቷን ፎቶ ጥቁርና ነጭ አድርጋ መሀል አኖረች፤ ዙሪያውን በቀጭን ነጭ ሐረግ ከበበችው። ከሥሩ ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ዓመትና አንዲት ሰረዝ። ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ «ከማጂ ተራራ እስከ ሚዛን ገበያ፦ የአንድ ደግ ሰው ጉዞ»። አምሮባት አየችው። ጠዋት የገጹን ማስፈንጠሪያ በክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ላይ ለቀቀችና ስልኳን አጥፍታ ፈተና ገባች።

ስትወጣ ደጃፉ ላይ ሲንጫጩ የነበሩት ተማሪዎች መንገድ ለቀቁላት። ጓደኛዋ ማርዋ መጥታ ቦርሳሽን ልያዝልሽ አለቻት። ማርዋ የሰው ቦርሳ ልትይዝ ቀርቶ የራሷንም ለሰው የምታሸክም ልጅ ናት። ህሊና ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ምን ተፈጠረ?»

«ምንም። ቤት እንሂድ። አባትሽን ትንሽ አሟቸው ነው አሉ።»

«ትንሽ አሟቸው» ምን ማለት እንደሆነ በዚህ አገር ጡት ያልጣለም ያውቃል። መርዶ እንደ ወረደ አይነገርም፤ ሰውየው መጀመሪያ ያመዋል፣ መንገድ ላይ ይጠናበታል፣ ቤት ሲደረስ ይሞታል። ህሊና ስልኳን አብርታ ወደ አባቷ ደወለች። የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም። ደገመች። አይችሉም። የሰሞኑ ዝናብ የማጂን መንገድ እንደ ሳሙና አድርጎታል፤ ሹፌሩ ደግሞ ዳገት ላይ የሚዘፍን ሰው ነው። ሰፈር ሲደርሱ ያመጣቸው የባጃጅ ልጅ ሒሳብ አልቀበልም አለ። በሚዛን ባጃጅ ሒሳብ አልቀበልም ካለ ነገሩ አልቋል።

ከዚያ በኋላ ያሳሰባት እናቷ ነበሩ። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ደም ግፊት አለባቸው፤ አምና የወንድማቸው መርዶ ድንገት ቢነገራቸው ወድቀው ሆስፒታል ከርመዋል። ሐኪሙም እንዲህ ያለ ነገር ዳግም እንዳይመጣባቸው አስጠንቅቋል።

በእትዬ ለተብርሃን ግቢ ውስጥ፣ ከአጥሩ ጀርባ፣ የእድሩ ሰዎች የድንኳን ቋሚ ታቅፈው እንደ ሌባ ተደብቀዋል። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዓለምሰገድ ህሊናን ደግፈው ቁጭ አደረጓትና እናትሽ አልሰማችም፣ ዘመድ ሲሰበሰብ ነው የሚነገራት ብለው አንሾካሾኩ። እስከዚያ ድንገት ሰምተው ቢወድቁ የሚይዛቸው እንዳይጠፋ ሴቶቹ በሰበብ እየገቡ ነበር፤ አንዷ ወንፊት ልትዋስ፣ አንዷ ጨው።

«መኪናው የት ወደቀ?» አለች ህሊና።

ጋሽ ዓለምሰገድ እትዬ ለተብርሃንን አዩ። መኪና ያለ ሰው አልነበረም። እትዬ ለተብርሃን ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ።

«ይኸው ልጄ፣ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል። አሠራሩስ እንዴት ያምራል፤ የትልቅ ሰው ነው የሚመስለው።»

ያምራል። ሐረጉ የእሷ፣ ጥቁሩ የእሷ፣ ሰረዟም የእሷ። የጎደለው የቀብሩ ሰዓት ብቻ ነበር። ከታች ሰዎች የጻፉት «ነፍስ ይማር» ተደርድሯል።

«ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «ለትምህርት ቤት ነው።»

«እና በላይነህ አለ ነው የምትዪን?» አሉ ጋሽ ዓለምሰገድ።

አዎ ልትል ቃጥቷት ስልኩን ዳግም ሞከረች። ወሬው የእሷ ቢሆንም መንገዱ የእሷ አይደለም። ስልካቸው አሁንም ዝግ ነው። ገጹ ውሸት ስለሆነ ብቻ አባቷ ደኅና ናቸው ብላ ብትምልና ማታ ሌላ ወሬ ቢመጣስ?

«አላውቅም» አለች።

የድንኳኑን ቋሚ የያዙት ሰዎች ያስቀምጡት ይሸከሙት ግራ ገብቷቸው ሳለ የአጥሩ በር ተንቋረረ። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ራሳቸው ነበሩ፣ እጃቸው ዱቄት እንደሆነ።

«ዛሬ ሰፈሩን ምን ነካው? ወንፊቴም ሄደ፣ ጨዉም ሄደ። ድንኳኑ ደግሞ የማን ነው?»

ህሊና ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች። ጋሽ ዓለምሰገድ ዳር ዳሩን ጀመሩ፤ በላይነህን ትንሽ አሞት ነው አሉ ብለው።

«መቼ ነው የታመመው?» አሉ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ። «አሁን በሹፌሩ ስልክ አነጋግሮኝ የለም እንዴ? የእሱን ስልክ ዝናብ ገብቶበት ነው። ጭቃው ይዞን ያመሸናል፣ ሽሮ አስቀምጪልኝ አለኝ።»

ሰፈሩ በሙሉ ወሬውን የሚደብቃቸው ሴትዮ፣ ሰውየው ደኅና መሆናቸውን የሚያውቁ ብቸኛ ሰው ነበሩ። የጠየቃቸው አልተገኘም፤ የሞተበትን ሰው ስለ ሟቹ መጠየቅ ነውር ነዋ።

ገጹን አሳዩአቸው። አዩት፤ የድንኳኑ ቋሚ ላይ ቁጭ አሉ፤ ደረታቸውን ያዙ። ቆይተው ቀና አሉና፣

«ወንፊቴን መልሱ» አሉ።

አቶ በላይነህ ጭቃው አሳድሯቸው በማግስቱ ከነማራቸው ገቡ። ገበያ ላይ ሰላም የማይሏቸው ሁሉ «ደግ ሰው ነበሩ» ብለው የጻፉትን በቁማቸው አነበቡ፤ መሞት ዋጋዬን ጨምሮታል አሉ። ከዚያ ከልጃቸው ጀርባ ቆመው የገጹን ራስጌ ራሳቸው አጻፏት። ጥቁሩ ሄደ፣ ሐረጉ ሄደ፣ ሰረዟም ሄደች። መጀመሪያው መስመር ላይ በትልልቅ ቢጫ ፊደል እንዲህ ይላል፦

«በላይነህ አለ። ማርም አለ።»