ቻላቸው ያልሰማው ካቴና

ከመካነ ኢየሱስ ወደ ወገዳ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ የቆርቆሮ አጥሩ በተቃጠለ ዘይት የጠቆረ ጋራዥ አለ። ባለቤቱ ቻላቸው ይባላል። ሃምሳን ካለፈ ቆይቷል። መኪና ሥር ሲተኛ የኖረ ጀርባው ጎበጥ ብሏል፤ የጣቶቹ ጥቁረትም በሳሙናም በአመድም ቢታጠብ አይለቅም።

አባቱ እዚያው እስቴ ገጠር ገብስና ባቄላ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። እሱም አርሶ ይኖር ነበር፤ ግን ጎረምሳ ሳለ በአገሩ መንገድ ሊያወጡ የመጡ ማሽኖች ሰፈሩና ካምፑ ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሆኖ ገባ። በዚያው ቀረ። ሥራውን ያስተማሩት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። ረጅም ብረት ያነሱና አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሮው ላይ ያስይዙታል። «ሞተር እንደ በሽተኛ ነው» ይሉት ነበር። «የቱ ጋ እንዳመመው ራሱ ይነግርሃል፤ አንተ ብቻ አትቸኩልበት።»

ቻላቸው አልቸኮለም። ጋራዡን በከፈተ በጥቂት ዓመት ውስጥ ስሙ ከእስቴ አልፎ እስከ ስማዳ ተሰማ። ሾፌሮች «ጆሮው» ይሉት ጀመር። እራት ላይ ተቀምጦ በመንገዱ የሚያልፈውን መኪና ድምፅ ሰምቶ፣ «ይሄ ሰውዬ ፍሪሲዮኑ ሊያልቅ ነው፤ ነገ እኔ ዘንድ ይመጣል» ይላታል ሚስቱን ውብነሽን። ሰውዬውም በማግስቱ ይመጣል።

ታዲያ ያ ጆሮ ከዳው። ዕድሜ ልኩን ብረት በመዶሻ ሲቀጠቅጥ፣ በሚሽከረከር የሞላ ድንጋይ ሲሞርድ፣ ከሚያገሳ ሞተር ጎን ሲቆም የኖረ ሰው ነው። መጀመሪያ ማታ ማታ ጆሮው ውስጥ እንደ ፌንጣ የሚጮኽ ነገር መጣ። ቀጥሎ የስልኩ ጥሪ ጠፋበት። ከዚያ ሰው ከጀርባው ሲጠራው ዝም ማለት ጀመረ፤ ገበያ ላይ ሰላም ብለውት ያለፋቸው ሰዎችም «ቻላቸው ኮርቷል» ብለው አሙት። ውብነሽ ግን ወዲያው ነቅታለች።

«ደብረ ታቦር ሄደን እንታይ» አለችው ደጋግማ።

«ሥራው ይቅለልልኝና» ይላታል።

ሥራው አልቀለለም። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ቆመው የከረሙ መኪኖች ሁሉ፣ መንገዱ ሲከፈት ተሰብስበው እሱ በር ላይ ቆሙ። ለሰው እንዳትነግሪ ብሎ አስጠነቀቃት። መካኒክ አይሰማም ከተባለ ማን መኪናውን ያምነዋል?

ጥር ውስጥ፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ በሚቀመጥበት ሰሞን፣ አስማረ መጣ። አስማረ በመካነ ኢየሱስና በወገዳ መካከል ሚኒባስ የሚነዳ ወጣት ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ጀምሮ ከቻላቸው ሌላ መካኒክ አያውቅም።

«ጋሽ ቻላቸው፣ ጠዋት ሳስነሳው ሞተሩ ከፊት በኩል ያንኳኳል» አለ። «ሲሞቅ ይተወዋል። ይስሙልኝ እስቲ።»

ቻላቸው ረጅሙን ብረት አነሳና ሞተሩ ላይ አሳረፈ። የሰማው የራሱን ፌንጣ ብቻ ነበር። ብረቱን ወደ ላይ አወጣው፣ ወደ ታች አወረደው። ምንም የለም። የዚያን ቀን ደግሞ ከንጋት ጀምሮ አልተቀመጠም፤ ወገቡ ሊቆረጥ ደርሷል። አስማረ ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

«ዘይቱ ቀጥኗል» አለው በመጨረሻ። «ይቀየርልሃል። ሌላ ምንም የለውም።»

ዘይቱ ተቀየረ። አስማረ አመስግኖ ሄደ።

ወሩ ሳያልቅ ሚኒባሱ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ በገመድ ታስሮ እየተጎተተ ተመለሰ። አስማረ በሩን በኃይል ዘግቶ ወረደ። ከጋቢናው ሌላኛው በር ደግሞ አንድ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወረዱ። የኔታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ባለች ቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ። ስማዳ ውስጥ ወገዳ የእኅታቸው ተዝካር ነበርና ወደዚያው እየሄዱ ነው መንገድ ላይ የቀሩት።

«ምንም የለውም ብለውኝ አልነበር?» አለ አስማረ። ፊቱ ቀልቷል። «ቁልቁለቱ ላይ ነበርኩ። ዘፈን ከፍቼ እኔስ አልሰማሁም። የኔታ ናቸው ያዳኑኝ።»

የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ» አሉ። «ብቻ ከሆዱ ውስጥ ያለ ቦታው የሚገባ ጸናጽል ሰማሁ። አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል። ልጄ፣ አቁመው፤ ይሄ ነገር ተሳስቷል አልኩት።»

ቻላቸው ንግግራቸውን ሙሉ በሙሉ አልሰማም፤ «ጸናጽል» የምትለዋን ግን ከከንፈራቸው አነበበ። የሞተሩ ሕመም ምን እንደሆነ ሳይፈታው አወቀ።

በሞተሩ ፊት፣ ከክዳን ጀርባ፣ የታችኛውን ዘንግ ከላይኛው ጋር የሚያስተሳስር ካቴና አለ። ሁለቱ ተናበው የሚዞሩት በእሱ ነው። ካቴናው እንዳይላላ በጎኑ አንዲት መወጠሪያ ተቀምጣለች፤ የሞተሩ ዘይት እየገፋት ካቴናውን ደግፋ ትይዛለች። እሷ ከተበላች ካቴናው ይላላና ክዳኑን እየመታ ይንጫጫል፤ ቸል ከተባለም ጥርስ ይዘልና ሞተሩን እንዳልነበረ ያደርገዋል። ቻላቸው ይህን ድምፅ ድሮ ከሩቅ ይለየው ነበር።

መሥራት ጀመረ። ዘይቱን አፈሰሰ፣ ራዲያተሩን አወረደ፣ ቺንጋውን ፈታ። ቺንጋው የሚዞርበት የትልቁ ፑሊ ብሎን አልፈታ ብሎ አስለቀሰው። ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ አስገብቶ በደረቱ ተጫነው፤ ተለቀቀ፤ እሱም ከነቱቦው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ትንሽ እዚያው ቆየ። ለማረፍ ብሎ ሳይሆን ለመነሳት አቅም አጥቶ ነው።

ክዳኑ ሲከፈት ነገሩ ፍንትው አለ። ካቴናው እንደ ላላ መቀነት ተንጠልጥሏል። መወጠሪያዋ ተበልታ አቅም አጥታለች፤ በጣቱ ሲገፋት ወደኋላ ትሸሻለች እንጂ መልሳ አትገፋም። ካቴናው የሚንሸራተትበት ፕላስቲክም ተሰባብሮ ስብርባሪው ዘይት መያዣው ውስጥ ወድቋል። እነዚያን ስብርባሪዎች መዳፉ ላይ አድርጎ ሲያያቸው ውብነሽ ምሳ ይዛ ገባች።

«ቻላቸው!» አለችው ከበሩ።

ጋራዡ ውስጥ የሚሠራ ማሽን የለም፤ ጸጥ ብሏል። ቻላቸው ጀርባውን እንደሰጠ ቀረ።

«ቻላቸው!»

አስማረ ከተቀመጠበት ጎማ ላይ ቀና አለ። «ጋሽ ቻላቸው!» አለ እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ። ቻላቸው ስብርባሪውን እያገላበጠ ነው። ውብነሽ ዞራ ፊቱ መጥታ ብርሃኑን ስትከልለው ነው ያያት።

አስማረ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየ። ውብነሽ መጀመሪያ አንገቷን ደፋች። ቀጥሎ ግን የሰለቸው ሰው ድምፅ አውጥታ፣ «ምን ታየናለህ» አለችው። «ጆሮው ከደከመ ቆየ። አትንገሪ ብሎኝ ነው።»

ቻላቸው አልቆጣትም። እጁን በጨርቅ ጠረገና አጠገባቸው ተቀመጠ። አስማረ መንገዱን ሙሉ ሲያሰላስለው የመጣው ስድብ ነበረው፤ አሁን ግን ፈልጎ አጣው። ወደ ቻላቸው ጆሮ ጠጋ አለ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ትመጣ ነበር?»

«ላልመጣ እችል ነበር» አለ አስማረ። «ግን ሰው ጭኜ ነው እኮ የምሄደው።»

«አውቃለሁ። ክዳኑን ከከፈትኩ ጀምሮ የማስበው እሱን ነው» አለ ቻላቸው። «እንግዲህ ከፈለግህ ደብረ ታቦር አስጎትተው። አልቀየምህም።»

አስማረ ወደ ተበተነው ሞተር አየ። ብሎኖቹ በየሳህናቸው ተለይተው ተቀምጠዋል፤ ካቴናው የነበረበት ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል።

«ጣትዎ መች ደነቆረ» አለው። «እርስዎ ይጨርሱት።»

አዲሱ መወጠሪያ ከነካቴናው ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ተጭኖ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረባቸው። ሲመጣ ቻላቸው መነጽሩን አድርጎ ከሞተሩ ፊት ተንበረከከ። ካቴናውን በምልክቱ ላይ አዋለው። መወጠሪያዋ እንዳትዘል በቀጭን ሽቦ ተቆልፋ ነው የመጣችው፤ በሁለት ብሎን አሰራት። ሽቦውን ሲስበው የምትሰጠውን ድምፅ ከድሮም ይወደው ነበር። አሁን የሌባ ጣቱን ካቴናው ላይ አሳርፎ ሽቦውን ሳበ። ድምፁ አልመጣም። ካቴናው ግን ከጣቱ ሥር ነቃ ብሎ ተወጠረ። ሞተሩን በእጁ ቀስ አድርጎ አዞረው፤ ምልክቶቹ ዞረው ቦታቸው ላይ ገጠሙ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይበቃኛል ይል ነበር፤ እሱ ግን ዓይኑን ስላላመነ አስማረን ጠርቶ አሳየው።

ክዳኑ የተጣበቀበት ሲሊኮን እንዲደርቅ አንድ ሌሊት አሳደሩት። ደግሞም ይህ በሽታ የሚታወቀው ጠዋት በብርዱ ነው። በማግስቱ የኔታ ወልደ ሩፋኤል ነጠላቸውን ተከናንበው መጡ። ተዝካሩ ቢያልፋቸውም የእኅታቸውን ልጆች ሳያዩ መቅረት አልፈለጉም።

ቻላቸው ኮፋኖውን ከፈተና አጠገባቸው ቆመ።

«የኔታ፣ እኔ አይሰማኝም» አለ። «እርስዎ ይስሙልኝ።»

የኔታ አልተገረሙም። ጥምጥማቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አደረጉ። አስማረ ሞተሩን አስነሳ። ቻላቸው መዳፉን ክዳኑ ላይ አድርጎ የሽማግሌውን ፊት ያያል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ። እጅግ ቆዩ።

«እህ?» አለ ቻላቸው።

«ጸናጽሉ ወጥቷል» አሉት ጮክ ብለው። «ብቻ ከኋላ አንድ የሚያናፋ ነገር አለ።»

«እሱ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ነው፣ የኔታ!» አለ አስማረ ከመሪው ላይ እየሳቀ። «ቀዳዳውን አውቀዋለሁ!»

ሚኒባሱ ተሳፋሪውን ሊጭን ወደ መናኸሪያ ሲሄድ ቻላቸው በሩ ላይ ቆሞ ሸኘው። ደስ ይለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። የመጣለት ግን ድካም ብቻ ነው፤ የአንድ ቀን ሳይሆን የብዙ ዓመት። ከዛሬ ጀምሮ በየሞተሩ ፊት ቆሞ «ምን ትሰማለህ?» ብሎ ሰው ሊለምን ነው። ወደ ቤት ገባና ውብነሽን፣ «ሰኞ እንሂድ» አላት። እሷም ወዴት ብላ አልጠየቀችም።

ደብረ ታቦር ሆስፒታል ያለች አንዲት ወጣት የጆሮ ባለሙያ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጋ፣ ቀጭን ድምፅ ሲሰማ ቁልፉን እንዲጫን ነገረችው። አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ግድግዳውን እያየ፣ ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። ማዳመጫውን ስታወልቅለት ፈተናው ገና ያልተጀመረ መስሎት ነበር።

ነርቩ ተጎድቷል አለችው፤ የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ግን ሲሞርድም ሲቀጠቅጥም ጆሮውን ሸፍኖ መጠበቅ አለበት። ባሕር ዳር ተፈልጎ የሚገኝ ማዳመጫ መሣሪያ ሊያግዘው ይችላል።

«ካቴና ያሰማል?» አላት።

ምን ማለቱ እንደሆነ ስላልገባት ውብነሽን አየች። «ሰው ሲያናግርዎ ይሰሙበታል» አለች።

«ይበቃል» አለች ውብነሽ፣ እሱ ሳይመልስ።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ትከሻዋ ላይ ተኛ። ወሬው ቀድሟቸው መካነ ኢየሱስ ደርሷል፤ አንዳንድ ሾፌሮች ከመናኸሪያው ጀርባ ወደተከፈተው አዲስ ጋራዥ ዞረዋል። አላዘነባቸውም። እሱም ሾፌር ቢሆን ይዞር ነበር። በማግስቱ ጠዋት በሩን ሲከፍት ሸክሙን የሚይዝ ባሌስትራው የተሰበረ አንድ የጭነት መኪና ወደ ጎን ተዘንብሎ ቆሟል። ሾፌሩ ወርዶ በጩኸት ሊያስረዳው ሲጀምር ቻላቸው በእጁ ገታው። ስብራቱ ከመንገድ ማዶ ይታያል። ቱታውን አጠለቀ፣ ክሪኩን እየጎተተ ሄዶ መኪናው ሥር ገባ።