የአሥር ሰዓቱ መኪና

ቅዳሜ ቅዳሜ ከማርቆስ የምትመጣው ሴትዮ ሉማሜ የምትወርደው ለሻይ ብቻ ነው መባሉ ባለ ሻይ ቤቷን የብርጓልን አልዋጥ ብሏታል። ሻይ ማርቆስ መቼ ጠፋ። ሴትዮዋ ወደ ሃምሳው ትጠጋለች። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን ባሏ እንደሞተባት ሴት አዘቅዝቃ፣ እጅጌው ሁለቴ የታጠፈ የወንድ ሹራብ ትደርባለች። የሟቹ ይሆናል ትላለች የብርጓል በሆዷ። ወደ ማርቆስ የሚመለሰው የአሥር ሰዓቱ መኪና ጡሩምባውን ሲነፋ ሻይዋን ባትጨርስም ትነሳለች፤ አንድም ቀን አምልጧት አያውቅም።

ከደጀን በኩል አንድ ሰውዬ ይመጣል፤ የሐዘን ጢሙ ደረቱ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ፊት ለፊቷ ይቀመጣል።

«ልጆቹ በሉ?»

«በሉ።»

«አንተስ?»

ሻዩን ያማስላል። ከዚህ ሌላ ብዙም ወሬ የላቸውም። እህትና ወንድም ናቸው ብላ የብርጓል ከደመደመች ቆየች።

ዛሬ ሰውዬው የቀረበለትን ሻይ ሳይቀምስ፣ ራሱን ግድግዳው ላይ እንዳስደገፈ እንቅልፍ ወሰደው። መኪናው መጥቶ ጡሩምባውን ነፋ። ሴትዮዋ ንቅንቅ አላለችም።

«እትዬ፣ መኪናው ሊሄድብዎት ነው። ወንድምዎን ልቀስቅስልዎት?» አለች የብርጓል።

«ወንድሜ አይደለም። ተይው ይተኛ፤ ሚስቱ ካረፈች ጀምሮ እንቅልፍ አይቶ አያውቅም።»

ሹራቡን አውልቃ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። መኪናው ሄደ። ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ በስኒ ማስቀመጫው ከደነችና ሰውዬውን ቁልቁል ስታየው ቆየች።

«በሃያ ዓመቱም እንዲህ አፉን ከፍቶ ነበር የሚተኛ» አለች።