ፓምፑ የቆመ ዕለት

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም ጉባኤያቸውን ለተማሪያቸው አስረክበው ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ጠዳ፣ እኔ ዘንድ ገቡ። እኔ ጎንደር ከተማ እየተመላለስኩ የምሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከሥራ የተረፈ ጊዜዬን የሚበላው ግን ጓሮዬ ያለው የሲሚንቶ ገንዳ ነው። ውስጡ ቆሮሶ ዓሣ አረባለሁ። ዓሦቹ ያቆሸሹትን ውሃ ትንሽ ፓምፕ ከፍ ብሎ ወደተሠራ የጠጠር መደብ ይገፋዋል፤ እዚያ በሶብላ፣ ኮሰረትና ጥብስ ቅጠል ተክያለሁ። እድፉ ለተክሎቹ ምግብ ይሆንና ውሃው ጠርቶ ወደ ገንዳው ይመለሳል።

አባቴ ነገሩ አልተዋጠላቸውም። «ዓሣ የጣና ነው፤ እንደ ዶሮ በግቢ ይረባል?» ይላሉ። የበሶብላው ሽታ ግን ደስ ይላቸዋል። ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁት መደቡ አጠገብ ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሥራ ቦታ ሳለሁ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ያ ሞተርሽ ዝም አለ። መብራት ጠፋ መሰለኝ።»

«ዓሦቹስ እንዴት ናቸው?»

«አይታዩኝም። ግን ከላይ ከላይ ጧ ጧ የሚል ድምፅ እሰማለሁ።»

ደነገጥኩ። አየር አጥሯቸው ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ነበር። በጠባብ ገንዳ ብዙ ዓሣ ስለያዝኩ ፓምፑ ከቆመ አይቆዩም።

«አባባ፣ ውሃውን በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱት። ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል። መጣሁ!»

«እሺ» ብለው ዘጉ።

አስፈቅጄ ወጣሁ። ታክሲው ሰው እስኪሞላ ቆመ። አዘዞን ስናልፍ ብደውል ስልካቸው አይሠራም። ደገምኩ፤ ያው ነው። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ያኔ ነው። ዓይናቸው በቅጡ የማያይ ሽማግሌ ወገብ በሚደርስ ገንዳ ላይ ብቻቸውን እንዲያጎነብሱ አዝዣለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ዓሦቹ ማሰብ ተውኩ።

ከታክሲው ወርጄ ሮጥኩ። የግቢውን በር ስገፋ መጀመሪያ የሰማሁት ዜማቸውን ነው። በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አስረው ገንዳው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዜማውን ሲያነሡ ይቀዳሉ፣ ሲያሳርፉ ያፈስሳሉ። እስከ ደረታቸው ርሰዋል።

«ምነው እንዲህ ታለከልኪያለሽ?» አሉኝ።

«ስልክዎ! ስልክዎ አይሠራም!»

«ውሃ ውስጥ ገባ። ልፈልገው እጄን ብሰድ ዓሣው ላሰኝ፤ ተውኩት።»

እየሳቅሁ እንባዬ መጣ። ጣሳውን ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ አልሰጡኝም። «ሌላ ፈልጊ» አሉ። ጆግ ይዤ መጣሁና ጎን ለጎን ሆነን እናፈስስ ጀመር። ሁለት ዓሦች በጎናቸው ተንሳፍፈዋል፤ የቀሩት ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረዱ።

መብራት የመጣው ከቀትር በኋላ ነው። የፓምፑን ድምፅ ቀድመው የሰሙት እሳቸው ናቸው፤ «ተነሣልሽ» አሉኝ። ደረቅ ልብስ አለበስኳቸው።

«ደከመዎት አይደል፣ አባባ?»

«ክንዴን ነው እንጂ ድምፄስ ሸጋ ነው። ጉባኤውን ከተውኩ ወዲህ እንዲህ አዚሜም አላውቅ።»

ምሳቸውን እስኪጠግቡ በልተው ተኙ። እኔም ወደ ሥራ አልተመለስኩም፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ እስኪነቁ ድረስ የእርጥብ ነጠላቸውን ጫፍ ስጨምቅ ቆየሁ።